«ጥ» የጠፋችበት በር

ሐዋሳ፣ አቶቴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ሽቦ ተንጠልጥሎ፣
በሩ ላይ የተጻፈው «የድምጽ ማጉያ ጥገና»፣
«ጥ»ን ዝናብ አጥቧት ዛሬ የቀረው «ገና»።
ደንበኛ ብቅ ሲል፣ «ደረሰ ወይ?» ሲለው፣
ዱካሞ በጣቱ በሩን ነው የሚያሳየው።

እኔ ተለማማጁ፣ ብየዳ አቀብላለሁ፣
ጆሮው ስለማይሰማ ጆሮ እሆንለታለሁ።
(ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጡሩንባ ሥር ኖሮ
ሁለቱም ጠፉበት፤ ቀኙ አምና፣ ግራው ድሮ።)

ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ሦስት እንግዶች አደሩ፦
ሸምሱ ሙዓዚኑ ያመጣው፣ የዛገ ዙሪያው፣ ከንፈሩ፣
የመስጊድ ጡሩንባ፤
የደብሩ አምፕሊፋየር፣ ሰም የተንጠባጠበበት፣
ዲያቆን ክንፉ ሲያወርደው እንደ ሕፃን የተጠነቀቀለት፤
የዳንጊሴ ኪቦርድ ደግሞ፣ መዘምራን የሚቆሙበት፣
በሃሌ ሉያ መካከል አንዲት ቁልፍ የነከሰችበት።
በሦስቱም ሆድ የሐይቅ ትንኝ ደርቋል፤ ፈትቼ ሳይ በጠረጴዛ
ፊውዛቸውም አንድ ነው፣ ከአንድ ሱቅ የሚገዛ።

አይሰማም ብያለሁ፤ ታዲያ እንዴት ይሞክራል?
ባለቤቱ ያዜማል፤
የሱ መዳፍ ስፒከሩ ደረት ላይ ያድራል።
«አዛን ክር ነው» ይለኛል፣ «ቀጥ ያለ፣ የማይበጠስ፣
ከትንሿ ጣቴ ተነሥቶ ከትከሻዬ የሚደርስ።
የክንፉ ዜማ ግን እየቆየ ነው የሚመታ፣
አንዴ ከበሮ… ከዚያ ረጅም ዝምታ።
የዳንጊሴ ሰዎች» ሲል ይስቃል፣ «እነዚህማ
መዳፌን ያስጨፍራሉ፣ ሌላው ገላዬ ሳይሰማ።»

ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፋ። ከታቦር እስከ ሐይቁ
ያዳንናቸው ማሽኖች ሦስቱም በአንዴ ወደቁ።
ጎህ ሊቀድ ሲል ነቃሁ። በባዶ ጉሮሮ
ሸምሱ ይጣራል፤ ከማዶ አንድ ከበሮ፤
የዳንጊሴ ሴቶች ከአዳር ጸሎት፣ በጭብጨባ።
ድምጹ የሰው ቁመት አክሎ
በየበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ሮጬ ዱካሞን ቀሰቀስኩት፤ «ሰማህ?» ልል፣
ትዝ ሲለኝ ቃሌን ዋጥኩት ከመሃል።
መዳፉን ደረቴ ላይ አኖርኩ። ያገኘሁትን አንጎራጎርኩ፣
ከሸምሱ ጀምሬ ከዳንጊሴ ዘንድ ደረስኩ፣
መሃሉ ላይ የክንፉን ዝምታ ትንሽ አሳጠርኩ።

ብዙ ቆየ መዳፉ።
«የትኛው ነው?» አለኝ በጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብሎ በአፉ።

ድምጼ አይደርሰው፣ ከንፈሬ አይታየው፤ ምን ልመልስለት?
ጣቱን ይዤ ዘረጋሁ፣
በሩን አሳየሁት።