ያን፣ ታን፣ ተዘራ

ማክሰኞ ነው፤ ዝናብ። የካምብሪያ ተራራ
ጉሙን ተከናንቦ ከማንም አያወራ።
ድርጅት ስንባል ሦስት ሰው ነን፣ አንዲት አሮጌ መኪና፣
ሹፌሩ እኔ፣ ሂሳብ ያዧ ኤድና፣
ገጣሚዋ ሮዊና።
ከኋላ ተጣጣፊ ወንበር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣
እንደ ነዳጅ ሁሉ የግጥም ማደያ።
በበጎ አድራጎት ስም ተመዝግበናል፣
ግጥም ደጁ ላልደረሰ ደጁ እንደርሳለን ብለናል።
ወህኒ ቤት አንብበናል፣ ጀልባ ላይ አንብበናል፣
ደማቸው በማሽን ሲታጠብ ለሚውሉ፣
«መቼም እናንተ አትሸሹንም» ብለን ቀልደናል።
ዛሬ ግን በግ ነው። የበግ ሐራጅ ቤት።
የተፈቀደልን ዐሥር ደቂቃ ናት፣
እናት በጎቹ ወጥተው አውራዎቹ እስኪገቡ፣ እዚያች ክፍተት።

ሮዊና ገባች ክቡ ሜዳ መሐል፤
ከጫማዋ በታች ገለባው በበጠጥ ርሷል።
ዙሪያውን የብረት አጥር የተደገፈ ክንድ፣
ፊቱ የካብ ድንጋይ፣ ዝም ያለ ወንድ።
ድምፅ ማጉያው አፏጨ።
ከበረት አንዱ በግ ባዕ ብሎ መለሰለት።
ግጥሙ ስለ እናቷ ነው፤ ስለ አንድ ነጠላ ጓንት፣
ሴትዮዋ ካለፈች ወዲያ መሳቢያ ውስጥ የተገኘ፣
ጣቶቹ እንደታጠፉ፣
አንዳች ነገር እንደጨበጠ የቀረ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ
አንዱ ከኋላ፣ ጆሮውን ሊያክ፣ እጁን አነሣ፤
አጫራቹ ራንዳል፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ አፉ
ቀደመውና ከሰገነቱ ላይ፣ «ሃምሳ!» አለ፣ «ሃምሳ!»

ሣቁ እስከ በረቱ ደረሰ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ።
ሮዊና ግን ቀና ብላ፣ «ሃምሳ ብለውኛል፤
ስልሳ የሚል ካለ፣ ጣቶቹ ገና ይቀሩኛል።»
ከዚያ ወዲያ የመጣው ሌላ ዝምታ ነው፤
የቅድሙ አጥር ነበር፣ ይሄኛው ጆሮ ነው።
ጨረሰች። ማንም አላጨበጨበ።
አውራዎቹ ገቡ። ራንዳል ምላሱን ፈታ፣
ዋጋ በዋጋ ላይ፣ ትንፋሽ ሳይሰርቅ፣ ቤት እየመታ።
ለካ ይሄ ሰውዬ እኛ ሳንወለድ፣
ያለ ድጎማ፣ ያለ ቅጽ፣ ሲገጥም ኖሯል በዚህ መንገድ!

መኪናችን ጋ ሮዊና፣ «ከሸፈ፣ አይደል?» ስትል
አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ኢሳክ የሚሉት፤
መንጋውን ጠቅልሎ የሸጠ ዛሬ ጧት።
ልጁ ወደብ ሥራ ገብቷል፤ ጉልበቱ ከድቶታል።
ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ ደፋው።
«ግጥም አላውቅም» አለ፤ «ይቺን ግን አባቴ
ማታ ማታ ይላት ነበር፣ በጎቹ በጠባቧ በር
አንድ ባንድ ሲያልፉ ከፊቴ።»
ጣቱን ወደ ባዶው በረት ዘረጋ፤
«ያን» አለ፣ «ታን» አለ፣ «ተዘራ»፣ «መዘራ»...
የጥንት የእረኛ ቁጥር ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ጆሮዬ ግን ሦስተኛው ላይ ተቸነከረ።
በኔ ቋንቋ ዘሩ አፈር ገባ ማለት ነው፤
እሱ የሚያውቀው ግን ሦስተኛዋን በግ ነው።
አምስት ሊል አፉን ከፈተ። አምስተኛው አልመጣም።
ሮዊና እጁን ያዘች፤ ምንም አላለችም።
ዝናቡም አልቆመም።

ማታ ቅጽ አለብን፣ ገንዘብ ለሚሰጡን፤
ምን ለውጥ አመጣችሁ ብለው የሚሰፍሩን።
ኤድና፣ «መቶ ሃያ በል» አለች፣ «በጉን ሳትጨምር።»
ጣሪያው ወረቀቱ ላይ ጠብ ይላል።
መቶ ሃያውን በቦታው አሰፈርኩ፤
«አዲስ አድማጭ ብዛት» ከሚለው ባዶ መስመር ጋራ
ለሦስታችን ጻፍኩ፣
በኢሳክ ቁጥር፣ በኔ ፊደል፦ ተዘራ።