ቀዩ ናፍጣ

ነብራስካ ዳርቻ፣ በቆሎ ሜዳ ላይ፣
ማደያዬ ቆሟል፣ በላዩ ጥርት ሰማይ።
ሁለት ቧንቧ አለኝ፤ በአንዱ ቢጫ ናፍጣ፣
በአንዱ ቀይ ቀለም የጠጣ፣ ለእርሻ ብቻ የመጣ።
ቢጫው ቀረጥ አለበት፤ በየጋሎኑ ልክ
ሳንቲሙ ተቀንሶ፣ ለመንገድ ሊላክ።
ቀዩ ግን ነፃ ነው፤ ትራክተር ቢሄድ፣
አፈር ይሰብራል እንጂ፣ አይሰብርም መንገድ።
ሕጉ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው ሲነበብ፣
ከባድ የሚሆነው፣ ኪስ ሲሆን ጠባብ።

ኤመት ቮድሌክ መጣ፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
ፒክአፑ እንደ ሽማግሌ፣ በአንድ ጎማ ሲያነክስ።
«ሙላልኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቀዩ እያየ።
«ለትራክተሩ ነው?» አልኩት። ዝም አለ፣ ቆየ፣ ቆየ።
ሚስቱን በሳምንት ሦስቴ፣ ደሟን በማሽን ለማሳጠብ፣
ሰባ ማይል ይወስዳታል፤ አውቃለሁ፣ የለኝም ሰበብ።
በቆሎው ዋጋ አጥቷል፤ ባንኩ በር ያንኳኳል፤
ሰው ሲጨንቀው ሕጉን፣ በጎን አልፎት ይሄዳል።
ቀዳሁለት። ደረሰኙ ላይ፣ «ለእርሻ» ብዬ ስጽፍ፣
እስክሪብቶዬ ሁለቴ ደረቀ፣ እንደ ውሸታም አፍ።

ዋኔታ ታንገማን፣ የስቴቱ ዓይን፣
ከድልድዩ ማዶ ቆማ፣ ታስቆማለች መኪናን።
የመስታወት ቱቦዋን፣ ታንኩ ውስጥ ትሰዳለች፣
ስባ ታወጣውና፣ ለፀሐይ ታሳያለች፤
ቢጫ ከሆነ «በል ሂድ»፣ ቀይ ከሆነ ትጽፋለች።

የኤመት ቱቦ ቀላ።

በእሑድ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ጎን ለጎን የሚዘምሩ፣
በዚያች ደቂቃ ሁለቱም፣ ጫማቸውን መረመሩ።
ሉድሚላ ከውስጥ ሆና፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤
«ዋኔታ፣ የድንች ሰላጣውን ለእሑድ እንዳትረሺ» አለች።
ዋኔታ «እሺ» አለቻት፤ እስክሪብቶዋ ግን አልቆመም፤
ቅጣቱን ቀዳ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

ማምሻውን መጣ ኤመት፣ ወረቀቱን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ፣
«የሦስት ጥጃ ዋጋ!» ሲል፣ ጢሙ ተንቀጠቀጠ ተቆጥቶ።
«ለሰሌዳ እከፍላለሁ፣ ለክብደት እከፍላለሁ፣
ለፒክአፑ፣ ለተሳቢው፣ በየዓመቱ እሰለፋለሁ።
ያቺ መምህርት ደግሞ፣ ባትሪ የምትነዳዋ፣
አንዲት ጠብታ ሳትቀዳ፣ በዚሁ አስፋልት የምትሄደዋ!»
«እሷም ትከፍላለች» አልኩት፤ «ሰሌዳዋ ላይ ጨምረውባታል፤
ያልጠጣችውን ነዳጅ፣ በግምት አስከፍለዋታል።»
ሣቀ። ሳይወድ ሣቀ፤ ወዲያው ደግሞ ተወው።
«ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ የታለው?
ከደጄ እስከ ሐኪሟ፣ አርባ አንድ ጉድጓድ ሞልቷል፤
ስንመለስ በያንዳንዱ፣ የክንዷ ቁስል ይደማል።»

መልስ አልነበረኝም። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

ሐምሌ ላይ ብርቱካናማ ሾጣጣዎች፣ መንገዱ ዳር ተደረደሩ፤
ሬንጅ ሸተተን፤ ጎረምሶች አካፋ ይዘው ዋሉ፣ አደሩ።
ሁሉን ግን አልደፈኑም፤ ገንዘቡ ድልድዩ ጋ አለቀ፤
ከዚያ ማዶ ያለው ጉድጓድ፣ የሚመጣውን በጀት ጠበቀ።

ባለፈው ረቡዕ ኤመት መጣ፤ ቢጫውን ቧንቧ አነሣና፣
«ሁሉን ሙላው» አለኝ፣ ባርኔጣውን አቃናና።
«ከድልድዩ በፊት ያሉት፣ ሁለቱ ጥቁር ልጥፎች
የእኔ ናቸው» አለ ኮስተር ብሎ፤ «የጥጆቼ ቆዳዎች።
ስናልፍባቸው ሉድሚላ፣ ዓይኗን ትከድናለች፤
እዚያ ላይ ብቻ። ድልድዩን ስንሻገር ትነቃለች።»

ማሽኑ ጋሎኑን ቆጠረ፣ ሳንቲሙም ከሥር ከሥሩ።
ኤመት ከፍሎ ሄደ፤ አቧራው ቀረ በበሩ።

መሳቢያዬ ውስጥ ግን፣ ያ ደረሰኝ አለ አሁንም፤
«ለእርሻ» ይላል በእጄ ጽሕፈት።
                              እኔ ውስጥ ቱቦ የነከረ የለም።