ቢጫው እንዳይመጣ

ጦስኙን የለቀምኩት ከጣርማበር በላይ፣
ጉም መንገዱን ውጦት፣ የአይሱዙ ጡሩንባ ተሰምቶ መብራቱ ሳይታይ።
ሦስት ፌስታል ሞላሁ። እጄ በብርድ ደንዝዞ
ሽታው ብቻ ቀረኝ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ከጣቴ ጋር ተጉዞ።

ጥላ ሥር ደረቀ፤ ተወቀጠ፤ ላመ፤
በአልኮል ተዘፍዝፎ ሦስት ሌሊት ከረመ።
ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ መብራት መጣ።
የተረፈው ዝቃጭ፣ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ፣ ከማንኪያ የማይወጣ።
«መድኃኒቱ ይሄ ነው?» አለች የጽዳቷ፣ ወይዘሮ ፈለቀች።
«ገና ጥያቄ ነው» አልኳት። ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ከነርቭ ወደ ነርቭ የሚሮጥ መልእክተኛ ራስ ቅል ውስጥ አለ፤
መቀስ የያዘ ሎሌም ኋላ ኋላው ተከተለ።
ሎሌው ክፉ አይደለም፤ በደህናው ቀን ነገር ይቋጫል፣
ያደረሰውን ቆርጦ ለሚመጣው ያመቻቻል።
ግን መልእክተኛው ሲያንስ፣ ሲያረጅ ቤቱ፣
መቀሱ አያረጅም፤ አይዶለዱምም ስለቱ።
ኢንዛይም ይሉታል። ወንድምም አለው፣ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣
ከገብስ ቂጣችን ፈልቅቆ የሚያወጣ ስኳር፤
እናቴን እግሯ ደንዝዞ ጫማዋ ሲወልቅ የማታውቅ ያረጋት
ያ ስኳር ነው፣ ደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ መውጫ ያጣባት።

ትሪው ላይ ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፤ አንዱ ካንድ ባቄላ አይበልጥ።
ጠብታ በጠብታ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ።
መቀሱ ከቆረጠ ውሃው ቢጫ ይሆናል፤
ጦስኙ እጁን ከያዘው እንደጠራ ይቀራል።
አገር መስከረምን ሲጠብቅ፣ ሜዳው አደይ እስኪለብስ፣
እኔ ቢጫው እንዳይመጣ እማጸናለሁ በለሆሳስ።

አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤
በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ድር ሲበጠስ በጆሮው ይለየዋል።
የሱ ድር ሲበጠስ ግን ማናችንም አልሰማን።
ካፖርቱን ደርቦ በሌሊት ደጅ ሲቆም ነው ያገኘን፦
«ሰርቪሱ ቀረ እንዴ?»

እሑድ ጦስኝ አፈላሁለት። አሸተተና «ጣርማበር!» አለ።
ጉሙን አወቀው፤ ገደሉን አወቀው፤ አባቱ የሸጧትን በቅሎ «ዳማ» አለ።
ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ አየኝ ትክ ብሎ፤
«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ደግ ነሽ» አለኝ፣ ብርጭቆውን ተቀብሎ።
ስሜን ያወጣው እሱ ነው፤
ዛሬ ማስተዋል ከፊቱ ቆማ፣ ማስተዋል ራቀው።

ማክሰኞ ውጤት ወጣ። ግማሹን አግዷል፤ ከግማሽም ጥቂት በለጥ።
የስኳሩንም ወንድም ይዞታል፣ ግን ላላ አርጎ፣ እንደሚያመልጥ።
ዶክተር ቢልልኝ አየው፤ «ጥሩ ነው፤ ድገሚው» አለኝ።
ደገምኩ። ደገምኩ። በሦስተኛው መብራት ከዳኝ፤
ፍሪጁ ሞቀ፤ ኢንዛይሙ ሞተ፤ ደፋሁት።
የወር ደሞዜን በልቶ የመጣ ብልቃጥ ነበር፣ ቆሜ አየሁት።

ትሪ ሰው አይደለም። ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው፣
ደምን ካንጎል የሚለይ አጥር የለው።
እዚህ ጠብታ የሠራውን እዚያ ለመሥራት
አባቴ በቀን ስንት እንስራ ሊጠጣ ነው? አላውቅም። ይሄንንም ጽፌዋለሁ ደብተሬ ላይ፣ በቀይ።
ለእናቴም ነገርኳት፦ «ክኒንሽን እንዳትተይ!»
እሷ ግን የተረፈውን ፌስታል ከቁም ሣጥን ኋላ ደብቃ
«ልጄ የመረመረችው ነው» እያለች ታድላለች፣ ለጎረቤት፣ በጭብጥ ለክታ።

ማታ በር ሳንኳኳ «ማን ልበል?» ይላል ከውስጥ፣
እንደ ድሮው፣ እንደማንም ሰው፣ ድምፁ ሳይለወጥ።
«ማስተዋል ነኝ።»
ዝም።
ብርዱ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል። ጣቴ አሁንም ጦስኝ ጦስኝ ይላል።
ልማድ ሆኖብኝ እቆጥራለሁ፤ አስር ሰከንድ፤ ሃያ፤
መወርወሪያው እስኪነቃነቅ።