የአአሊ ጎረቤቶች

ልብስ ላሰጣ ስወጣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ፣
ጀርባቸውን አያለሁ፣ ከሸክላው ምድጃ ጭስ በላይ።
አራት ዓመታችን ነው ጎረቤት ከሆንን፣
አንድ ቀን ሰላም ሳንባባል ውለን አደርን።

ጉብታ ናቸው። የአሸዋና የጠጠር ሻኛ፣
ከፋርማሲው ጀርባ እንደ ግመል የተኛ።
አንዱ ቁመቱ ከቤታችን ይበልጣል፣
ከሥሩ የሰው መኪና ጥላ ፈልጎ ይቆማል።
አራት ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል ይላሉ፤
እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከመምጣቴ በፊት ነበሩ፣ አሁንም አሉ።

ዛሬ ዓርብ የእኔ ናት፤ በሁለት ሳምንት አንዴ።
ገበያ ልወጣ ነበር፣ እግሬ እዚህ አመጣኝ ከመንገዴ።
ጠባቂው ሻፊቁል፣ ዓረብኛው እንደኔው ስብርባሪ፣
“ግቢ” አለኝ፣ “ዛሬ አንቺ ብቻ ነሽ ዘያሪ።”
እሱ አሸዋ ይጠርጋል፣ ነፋሱ መልሶ ያለብሳል፤
ደመወዙም እንደዚሁ፣ ሄዶ ሄዶ በሦስት ወሩ ይደርሳል።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤
የአርባ ስድስት ዲግሪ ፀሐይ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።
ክፍሉን በክንዴ ለካሁት፣
ከደረጃው ሥር ካለችው ከእኔዋ ጋር አስተያየሁት፤
አልዋሽም፣ በአንድ ስንዝር ሰፍቶ አገኘሁት።

ሻፊቁል ወለሉ ላይ ተጋድሞ አሳየኝ አቀባበሩን፦
በጎን ነው፤ ጉልበት ታጥፎ፣ መዳፍ ወደ ፊት ላይ፣
ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ስልክ እንደሚያይ።
አጠገቡ ማሰሮ፣ የፍየል ቅልጥም ለስንቅ።
ከትልቁ ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎጆ ተለጥፋለች፣ የድንጋይ፣ ጥብቅ።
“የሕፃን” አለኝ። ቁመቷን ሊያሳየኝ
እጁን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አደረገ፤
እዚያው አየር ላይ ረሳው። ነገሩን አልፈለገ።

እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ። ጢያ ሜዳው ላይ ድንጋይ ይበቅላል፤
የተቀረጸበትን ሰይፍ ስንቆጥር ስንት ከሰዓት መሽቶብናል።
ሥራቸው የተኙትም እንዲሁ ጉልበታቸውን እንዳቀፉ፣
ወጣቶች ናቸው አሉ፣ ሠላሳን ሳይደፍኑ ያለፉ።
ባሕር ለባሕር ሳይነጋገር፣ አገር ካገር ሳይጠያየቅ፣
ሙት እንደ ፅንስ መታጠፉን ይህም ያም እንዴት ሊያውቅ?

ይርገዱ ባለፈው ጥቅምት ሞተች።
ማኅተም ጎደለ ተብሎ አርባ ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆየች።
ሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርገው ነው ያስተኟት።
ታጥፋ ነበር የምትተኛው፤ እኔ ነኝ የማውቃት።

ለእድር በየወሩ እልካለሁ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም።
ጸሐፊው ጋሽ በርጋ ግን ይደውላል፦ “ድንኳን ተከላ ላይ አልታየሽም፣
ቀብር ቀርተሻል ሁለቴ፣ ቅጣት አለብሽ።”
“ባህሬን ነኝ እኮ!”
“ደንቡ ባሕር አያውቅም፣ ልጄ።”

የእነዚህስ እድር ማን ነበር? ድንጋዩን ማን አዘለ?
ለዚህ ሁሉ ሺህ ጉብታ ስንቱ ቀባሪ ዋለ?
ቀሪውን ማን ቀጣ? ደብተሩን ማን ያዘ?
ለሕፃኗስ፣ ለእሷ ልክ፣ ማሰሮ ማን አዘዘ?

መጥረጊያውን ከሻፊቁል ተቀበልኩ፣
የትንሿን ደጅ ጠረግኩ።
ነፋሱ ከኋላዬ እየመለሰው መሆኑን እያወቅሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ስልኬን አወጣሁ፣ ደወልኩ።
“ጋሽ በርጋ፣ ዛሬ ቀብር ደርሻለሁ፣ ይጻፉልኝ” አልኩ።
“ማን ሞቶ?” አለ።
ስም አላውቅም።
“ጎረቤት” አልኩት።
ቆየ። ከዚያ
እስክሪብቶ ሲፈልግ ሰማሁት።