የአዛር መጋዝ

ሂርማታ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል፤
መብራት ስለጠፋ ማሽኑ ተኝቷል፤
ሰጋቱራው ረጥቦ ዋንዛ ዋንዛ ይሸታል።

ልጄ ሩሐማ መጽሐፏን ዘርግታ
ለእሑድ ታጠናለች፥ ጣቷን በስሞች ላይ እየነዳች በተርታ።
ይኸኛው ያን ወለደ፥ ያኛውም ይኸን፤
ዳዊትን አለፈች፥ አለፈች ሰሎሞንን፤
ባቢሎንም ወርዳ፥ ተመልሳ መጥታ፥
አንድ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች አመንትታ።

«አባዬ፥ አዛር ማነው? ምን ሠርቶ ነበረ?»
«ሳዶቅን ወለደ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ... ቀረ።»

መልሴ አሳፈረኝ። መሮዬን አስቀመጥሁ።
አንድን ሰው ሙሉውን በአንድ ግስ ቀበርሁ።

የንጉሥ ቤት ነበር የዚህ ዘር መነሻ፥
አናጺ ነው ደግሞ የዚህ ዘር መድረሻ።
በመሃል አንድ ቀን፥ በመሃል አንድ ሰው፥
ዘውድ ይጠብቅ የነበረ እጁን መጋዝ አስያዘው።
ማንም አልጻፈውም። እኔ ግን እላለሁ፥
አዛር ነው ያ ሰው፤ ባላይም አምናለሁ።

አባቱ ኤልያቄም ሲሞት የተወለት
የተሰበረ ማኅተም፥ አንድ ከባድ ሣጥን፥ የማይታረስ ርስት።
ጎረቤት ሲጠራው «የንጉሥ ልጅ» ይላል፤ ምፀት ነው ግማሹ፤
ጎተራው ግን ባዶ፥ ለቀዋል አይጦቹ።
እናም አንድ ማለዳ ያን ሣጥን ፈታታው፤
ለሚስቱ በርጩማ፥ ለሳዶቅም አልጋ አርጎ አወጣው፤
ጎረቤቱ አየና «ለኔም» ብሎ አዘዘው።
በቃ።
ዘውዱ ያን ቀን አለቀ። ሥራ ተጀመረ።
ማንም አላለቀሰም፤ ልጁ አልጋ ላይ አደረ።

ማታ ላይ ሚስቱ መዳፉን ዳሰሰች፤
«ስንጥር ገብቶብሃል» ብላ በመርፌ አወጣች።
ከዳዊት ጀምሮ ከፈሰሰው ሁሉ ደም
እንደዚያች ጠብታ ንጹሕ የለም።

ታጁ አባ ጊዲ፥ ኮላ እያሞቀ፥
ይህን ሁሉ ሰምቶኝ ከት ብሎ ሳቀ።
(እሱ ዘር ይቆጥራል፤ አባቱ ያስተማረው ከጅሬን ቁልቁለት
እየወረዱ ነው፥ በየእርምጃው አንድ ስም፥ አንድም ሳይስት።)
ዘጠኝ ድረስ ጠራ። ስድስተኛው ላይ ድምፁ ዝቅ አለ፤
«የዚህን ስሙን ብቻ ነው የሰጡኝ፤ ሌላ የሚባል የለ።
ግን እሱን ብዘለው እኔ ራሴ የለሁም፤
ሙጫ ነው መሰለኝ፤ ሙጫ ደሞ አይታይም።»

እኔስ? ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ ሳድስ
ፎርሙ የሚጠይቀው እስከ አያት ድረስ።
ስሜ፥ የአባቴ ስም፥ የአያቴ፤ ሦስት መስመር፤
ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት፥ ከዚያ ወዲያ ድንበር።
አያቴ ከዳውሮ የጎጀብን ውሃ ተሻግሮ ሲመጣ
ትከሻው ላይ መጥረቢያ ነበር አሉ፤ የአባቱን ስም ግን ከየት ላምጣ?
አክስቴን ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች፤
«ደግ ሰው ነበረ» ብላ፥ ስሙን አጥታ ተከዘች።
አዛር ታድሏል እኮ፤ ቢያንስ ስም ተርፎታል፤
አንዲት ልጅ ጅማ ላይ ተደናቅፋበታለች፤ ይህስ ቀላል ይባላል?

ዝናቡ ሲያባራ፥ መብራቱ ሲመጣ፥
በእጄ የነበረው ባለሦስት እግር በርጩማ ቫርኒሹን ጠጣ።
ገለበጥሁት። ከሥሩ፥ ማንም ከማያየው፥
በአናጺ እርሳሴ «አዛር» አልሁበት፤ ሩሐማ አየችው።
ከስሙ ግርጌም ባዶ መስመር አሰመርሁ
ለአያቴ አባት።
ምን ልሞላበት? ተውሁ።

ከሰዓት ደንበኛው መጣ። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤
«አይነቃነቅም» አለ፤ ቢሆንም ዋጋ አነሣ፥
ሁለት መቶ ብር አስቀነሰኝም፤
ጭኖት ሄደ በባጃጅ።
አልገለበጠውም።