ሰረዝና ስረዛ

እኔ ከወዲህ ዳር፣ በሜይን፣ እሷ ከወዲያ ማዶ፣
መሃላችን ወንዙ፣ ግማሹ ውሃ ግማሹ በረዶ፤
ስለዚሁ ወንዝ አንድ መጽሐፍ ልንጽፍ
ተስማማን፦ እሷ አንድ ምዕራፍ፣ እኔ አንድ ምዕራፍ።

ኤልስፔት ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች፣ የካናዳ ጉምሩክ ሠራተኛ፣
በሻንጣም በቃልም ላይ የማትታለል ዳኛ።
እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ኖሬ
ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ
ትርፍ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፣
አንዲት ነጥብ ብትተርፍ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጠባችን የጀመረው «ቀለም» ከሚለው ቃል ነው።
የኔ አገር ሰው ሲጽፈው
በአምስት ፊደል ይጨርሳል፤
የሷ አገር ሰው አንዲት «ዩ» መሃሉ ላይ ይጨምራል፣
የማትነበብ፣ የማትሰማ፣
ከማዕድ ዙሪያ ያልተነሳች የሟች ወንበር።
«ወደብ» ላይ አለች፣ «ጎረቤት» ላይ አለች፣
«ክብር» ላይም ተደላድላ ተቀምጣለች።
ቀን እኔ እለቅማታለሁ፣
ማታ እሷ ትተክላታለች፤
ሲነጋ ገጹን እንደ ጎመን መደብ
ዩ በዩ ሆኖ አገኘዋለሁ።

«ጎረቤት ያለ ዩ» አለችኝ በስልክ፣ «አጥር ብቻ ነው።»
«ከነዩዋስ?» አልኳት፣ «አጥሩ ላይ የተረሳ ካልሲ ነው!»
ሳቀች። ታረቅን። ስምምነቱም እንዲህ ነበር፦
ነገሩ በሆነበት ዳር፣ በዚያው ዳር ሕግ ይጻፍ፤
የሷ ወደብ ከነዩዋ፣ የኔ ወደብ ያለ ዩ ይለፍ።
ድልድዩ ላይ የሆነ ታሪክ ሲመጣ
ሳንቲም እንወርውር፦ ዘውዱ የሷ፣ ወፏ የኔ ዕጣ።

ሰረዝን ግን ረሳናት።
አጭር ናት፣ ከሚስማር ታንሳለች፤
በሁለት ቃል መሃል እንደ ሳንቃ መሻገሪያ ተጋድማለች።
እኔ የተማርኩት ግን ሰረዝ የስፌት ክር ናት ብዬ ነው፤
ቃሉ ሲጠና ይመዘዛል ክሩ።
«መተባበር» የሚለውን እንኳ እሷ በሰረዝ ከፍላ ነው የምትጽፈው!
እናም አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ሠላሳ አንድ ሰረዝ ሰረዝኩ። አንዷም አላሳዘነችኝ።

ሠላሳ አንደኛዋ
ስለ አባቷ ታንኳ ከጻፈችው ላይ ነበረች።
አባቷ በኅዳር ወንዙን ሊሻገር ወጣ፤
እሱም አልተመለሰ፣ ታንኳውም አልመጣ።
ከዚያ ብዕሯ ወደ ኋላ ይመለሳል፣
ወደዚያው ዓመት ሚያዝያ፣
አጎቶቿ ታንኳውን አዲስ ሸራ ወዳለበሱበት፣
እሷም አረንጓዴ ቀለም የነካ ጣቷን ወደ ላሰችበት።

በቋንቋችን «ዳግም አለበሱት» እና «ጠፍቶ አገኙት»
ፊደላቸው አንድ ነው፤
አንዲት ሰረዝ ናት የምትለያቸው።
እኔ ስነቅላት
ዓረፍተ ነገሩ ዞሮ ሌላ ወሬ አወራ፦
«በሚያዝያ አጎቶቼ የአባቴን ታንኳ አገኙት።»

የጋራ ሰነዳችን ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል።
ኤልስፔት፦ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ።
ምንም አልነካችም።
ምንም አልጻፈችም።
አልወጣችም።
ሊነጋ ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣
አንዲት ሰረዝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣
ከጎኗም ማስታወሻ፦
«ታንኳው አልተገኘም።
ስድስት ሰዓት ሙሉ ስላገኘህልኝ ግን አመሰግናለሁ።
ሁለተኛ እንዳትነካት።»

ስልክ ደውዬ ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤
ስለ በረዶው መሰለኝ ያወራነው።
ሠላሳዎቹን ሰረዞች አልመለስኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝ።
ግን ያን ዕለት ማታ፣ በኔ ዳር፣
በኔ ሕግ በሚጻፈው ወደብ ላይ፣
የሥራ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ የሚስቁብኝን
አንዲት ዩ ተከልኩ።

ጉምሩክ ናትና ሳታያት አልቀረችም።
አሳለፈቻት።