ግጣም

አስፋልቱ ያለቀበት፣ ፉሪ መታጠፊያ፣
በግራ ብሎኬት ቤት፣ በቀኝ ጎማ መንፊያ፣
መሐል ላይ የኔ ሱቅ፤ ቆርቆሮ ነው ጣራው፣
ዝናብ ከጀመረ አይሰማም የሚወራው።

ከጣቢያ ስሰናበት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣
አንድ ዴክ ይዤ ነው የወጣሁት፣ በጨረታ ገዝቼ።
የንብረት ቁጥሩ ጎኑ ላይ እንዳለ፣
ሲበራም እንደ ሹም «እህም!» እያለ።
ትልቁን ይውጣል፣ ትንሹን አይንቅም፣
የጣቢያ ነው፣ የቤት ነው ብሎም አይጠይቅም።
ቢያንስ እንደዚያ እል ነበር ለደንበኛ ሁሉ።

ሐምሌ ላይ ስንዱ መጣች፣ ጃንጥላዋ ተሰብሮ፣
በፌስታል አንድ ካሴት፣ በላስቲክ ታስሮ።
«የእህቴ ሠርግ ነው፤ ወንድሜ ቱፋ ነው የቀዳው፣
በተዋሰው ካሜራ፤ ሙያ እንኳ የለው።
እማዬ አለችበት።
ፎቶ አትወድም ነበር።»

ለዴኬ አጎረስኩት። ጥርሱን ነከሰና
እህም አለ፣ ዞረ፣ ቆመ እንደገና።
ሰማያዊ። ከዚያ የሙሽሪት ፊት ብቅ ብሎ፣
እንደ ብሎኬት በካሬ በካሬ ተቆልሎ፣
ጠፋ።

«ተበላሽቷል?» አለች።
«አልተበላሸም» አልኩ። ነገሩ ገባኝ።
ፈር ነው ጉዳዩ፣ ስንዱ፤ ማረሻና ፈር።
ቴፕም እንደ ማሳ ነው፣ በመስመር በመስመር።
የጣቢያው ፈር ሰፊ ነው፣ ለቴፕ አይሳሳም፤
መንግሥት ነው የሚከፍለው፣ የሚቆጥብ የለም።
የቤቱ ጠበብ ይላል፤ ዴኬ እሱንም ያርሳል።
ቱፋ ግን ከዚያም አጥብቦ፣ ስልሳውን ደቂቃ ዘጠና አርጎታል፤
ቀጭን ፈር በቀጭን ፈር ላይ፣
ያውም በጠማማ ሄድ፣ በተዋሰው በሬ።
እንዲህ የታረሰ፣ ከአራሹ በቀር
ሌላ ማረሻ ሲገባው ፈር ይለቃል እንጂ አይሰምር።

«ካሜራው የት ነው?»

በሦስተኛው ቀን ቱፋ ራሱ አመጣው፤
ከጎረቤት ቆጥ ስር፣ ከዶሮ መኖ ጋር ያወጣው።
ክዳኑን የያዘው የምስማር ቁራጭ ነው፤
እኔ ብሆን ለዕቃ እንጂ ለሥራ የማልገዛው።
በአልኮል ጠረግኩት። ሄዱ ጠሟል።
ካቻቢቴ አነሳሁ፤ ግን እጄን መለስኩት።
ጠማማ የጻፈውን ጠማማ ያንብበው።

ካሴቱ ገባ። ግጥም አለ።
«ድስት ግጣሙን አያጣም» አለ ቱፋ፣ ቀስ ብሎ።
ዴኬ፣ ያ ሹም፣ በቀጭን ገመድ ታስሮ፣
የሚሉትን የሚጽፍ ጸሐፊ ሆነ ዘንድሮ።

ዳስ ታየ፣ የተጋደመ፤ ጫማ፣ ጭቃ፣ ደግሞ ጫማ፤
ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ተሰማ፤
«ቱፋ፣ ቴፑን አትጨርሰው! ውድ ነው እኮ፣ ቆጥበው!
ጠጋ ጠጋ አርገህ ቅዳ፤ ነገ መልስ አለ፣ ያንን በምን ልታነሳው?»

ስንዱ ሳቀች። ቱፋ አልሳቀም።
ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ጠበቅን፤
ፊቷ አንድም ጊዜ አልመጣም።
እንደገና እናስጀምረው አሉኝ፣ አስጀመርኩት።
ጣራው ላይ ዝናብ ወረደ፣
ስንዱም ጆሮዋን ካሜራው ላይ ለጠፈች።